እድርተኛው ትራንስፎርመር

እኔ ላምባ ሻጭ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ መብራት ሳወራ ሰው ምቀኛ እንዳይለኝ ነው። በዚያን ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ሰው ይጋፋ ነበር። ኩራዝ የሚፈልገው፣ የፋኖስ ክር ያለቀበት፣ ሻማ የጎደለው ሁሉ “ጋሼ ውብሸት፣ ጋሼ ውብሸት” እያለ ይለማመጠኛል። መብራቱ በመጣ ማግስት ግን ያው ሰው በሱቄ በር ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። ላምባ ውለታው የሚታወሰው በጨለማ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መብራት እንዳይጠፋ ሲሮጥ ቢታይ ጤነኛ ነው የሚል የለም። እኔ ግን ሮጫለሁ። ያውም በዝናብ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸዋርካብሽ ወፍጮ ነው። ሸዋርካብሽ ባሏ ከሞተ በኋላ መንዝ ያለውን ርስቷን ሸጣ፣ ከሱቄ ትይዩ የኤሌክትሪክ ወፍጮ የተከለች ሴት ናት። ዘመዶቿ “ርስት ሸጣ ብረት ገዛች” እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መፍጨቷን ቀጠለች። ወፍጮው ከቆመ ግን የምትመለስበት መሬት እንደሌላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሁለት ምሰሶ ላይ፣ ትራንስፎርመሩ ተሰቅሏል። በርሜል የሚያህል የብረት ሣጥን ነው፤ ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። ከሩቅ የሚመጣውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለእኛ አቅም አለዝቦ የሚያወርደው እሱ ነው ይላሉ። ከጎኑ አንድ ወፍራም የመዳብ ገመድ ምሰሶውን ተከትሎ ይወርድና መሬት ውስጥ ይገባል። ያቺ ገመድ ናት መዘዘኛዋ።

አንድ ክረምት ሌባ ገመዷን ቆርጦ ወሰዳት። መዳብ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ምን አለሽ ተራ ከደረሰ በሦስተኛው ቀን ወይ ቀለበት ወይ የበቅሎ ጌጥ ይሆናል፤ እናቱም አታውቀው። እኛም ገመድ ጎደለ ብለን አልደነገጥንም፣ መብራቱ እንደሆነ በርቷል። ከዚያ ነሐሴ ላይ መብረቅ ወረደና ትራንስፎርመሩን አነደደው። ሌላ እስኪመጣ የሸዋርካብሽ ወፍጮ እንደቆመ ክረምቱን ጨርሶ መስከረምን ዘለቀ። ደንበኞቿ እህላቸውን በአህያ ጭነው ወደ ናፍጣ ወፍጮ ሄዱ። እሷ ግን በየማለዳው በሩን ከፍታ ቁጭ ትል ነበር።

ያን ክረምት ላምባዬ እንደ ጉድ ተሸጠ። ግን እውነቱን ልናገር፣ የወፍጮው ድምፅ ሲጠፋ ሰፈሩ አስጠላኝ። በር ላይ ቁጭ ብላ ሳያት ደግሞ የሸጥኩት ሁሉ አላስደሰተኝም።

አዲሱ ትራንስፎርመር ሲሰቀል፣ አገኘሁ የሚባለው የመብራት ሠራተኛ ሰብስቦ ነገረን። “መብረቅ ሲመጣ ወደ መሬት የምታወርደው ይቺ ገመድ ናት። እሷ ከሌለች ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ይሄ ደግሞ ከተቃጠለ ሌላ መለወጫ የለም፤ ወረፋ ነው። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ጠብቋት።”

“ዓመት” ሲል ሸዋርካብሽን አየኋት። ነጠላዋን አጠበቀች።

የሰፈራችን ሰው አንድ ነገር ጠብቅ ሲባል የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ እድር። ጋሼ ቦጋለ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ደንቡን ሲያነቡ ግን ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። በማግስቱ እሑድ ስብሰባ ጠሩና፣ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ከዛሬ ጀምሮ ትራንስፎርመሩ የእድራችን አባል ነው” አሉ።

“መዋጮውንስ ማን ይከፍልለታል?” አለ ጠይብ። ጠይብ ጨርቅ ነጋዴና የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አያውቅም።

“ያበራልን የለ እንዴ? መዋጮው እሱ ነው” አሉ ጋሼ ቦጋለ። ተጨበጨበ። ጥበቃው በተራ እንዲሆን ተወሰነ።

የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር። በሁለተኛው ተረኛው ጉንፋን ያዘው። በሦስተኛው ያማቱ እህት መጣችበት። ከዚያ በኋላማ ተረኛ የሆነ ሁሉ ዘመድ እየታመመበት፣ ሰፈሩ በወረርሽኝ ያለቀ መሰለ። ጋሼ ቦጋለ ተናደዱ። ተናደው ሲያስቡ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወልዳሉ።

“ገመዷ ውጭ ካለች ትሰረቃለች” አሉ በሚቀጥለው ስብሰባ። “ከእድሩ እቃ ቤት ግን እስከ ዛሬ አንዲት ማንኪያ ጠፍታ አታውቅም።”

እውነት ነው። እቃ ቤታችን የብረት በር አለው፤ በሩ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ቁልፍ ጋሼ ቦጋለ ዘንድ፣ አንዱ ጠይብ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ሦስታችን ካልተሰበሰብን ድንኳኑም ድስቱም አይወጣም። ታዲያ ውድ ነገር እዚያ ካልተቀመጠ የት ይቀመጣል? ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ በዚህ ሐሳብ ላይ እንከን ያገኘ አንድ አልነበረም። ምን አለሽ ተራ ምድጃ የሚቀጠቅጠው ይመር ብሎኑን ፈታና ከምሰሶው ላይ ያለውን ገመድ አወረደ። በአዲስ ጆንያ ጠቀለልናት፣ ከድንኳኑ ሥር አስቀመጥናት፣ ቆለፍን። ሸዋርካብሽ እጃችንን እየሳመች መረቀችን። ያን ለት ሁላችንም እንቅልፍ ወሰደን።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አገኘሁ መሰላሉን ተሸክሞ ለቁጥጥር መጣ። ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዞሮ አየ።

“ገመዷ ተሰረቀች?”

“ኧረ በጭራሽ!” አሉ ጋሼ ቦጋለ ኮራ ብለው። “በሦስት ቁልፍ ተቆልፎባታል። ቢፈልጉ ንጉሡም አያገኟትም።”

አገኘሁ መሰላሉን ከትከሻው አወረደ። “ጋሼ ቦጋለ” አለ፣ “ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላዎ እንዳይበሰብስ ብለው እቤት ትተውት ይወጣሉ?”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከእንጦጦ በኩል ነጎድጓድ አጉረመረመ። ቀና ስንል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

“ቶሎ አምጧት” አለ አገኘሁ። “ደመናው ሳይደርስብኝ ላስራት። በላያችን ከመጣ ግን አልነካትም።”

ሁሉም ወደ እቃ ቤቱ ሮጠ። እኔም ቁልፌን አወጣሁ። ጋሼ ቦጋለ ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አልወጣም።

“አንድ ነገር አለ” አሉ። “በደንባችን አንቀጽ አራት እቃ ቤቱ የሚከፈተው አባል ሲሞት ነው። ለታመመ አይከፈትም። ይሄን ደንብ አንድ ቀን ከጣስነው ነገ ለክርስትናው፣ ለሰርጉ፣ ለልደቱ ክፈቱ ይባላል።”

ሰው ተንጫጫ። አንዱ ትራንስፎርመሩ አባል ነው አለ፤ ሌላው አባልስ ነው ግን አልሞተም አለ። ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ። እኔ ጋሼ ቦጋለን አውቃቸዋለሁ፣ ክፋት የለባቸውም፤ ደንቡ ካልተጠበቀ የሚቀብራቸው የሚያጡ ይመስላቸዋል።

ሸዋርካብሽ ዱቄት በለበሰው ፊቷ ሰውን ገፋ አድርጋ መጣች። አልጮኸችም።

“ጋሼ ቦጋለ፣ እኔ አባል ነኝ አይደለሁም?”

“እንዴታ! ከመሥራቾቹ ነሽ።”

“ስሞት ድንኳን ትጥሉልኛላችሁ። ድስቱ ይወጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ እርስዎም ያለቅሱልኛል።”

“አንጀቴ እስኪቆረጥ።”

“እንግዲያው ለቅሶው ይቅርብኝ፤ በቁሜ ወፍጮዬን አድኑልኝ። ዓመት በዚያ በር ላይ ቁጭ ካልኩ የምትቀብሩት ሌላ አይደለም።”

ጋሼ ቦጋለ ቁልፉን አወጡ። የእሳቸው ገባ፣ የእኔም ገባ። የጠይብ ግን የለም። ጠይብ ሱቁ ነበር።

“እኔ አመጣዋለሁ” አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይመር እየሳቀ፣ “ጋሼ ውብሸት፣ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ዛሬ ላምባ ሊሸጥ ነው” አለኝ። ጋቢዬን ለእሱው ጣልኩለትና ሮጥኩ።

መርካቶን በቅዳሜ ሮጦ ያየ ያውቀዋል። ተሸካሚው “ዞር በል!” ይላል፣ አህያዋ ግን ዞር አትልም። ጠይብ ሱቅ ስደርስ ከጅማ ከመጣ ገዢ ጋር አንድ ጣቃ አቡጀዲ ይዘው ይጓተታሉ።

“ጠይብ፣ ቁልፉን! መብረቅ መጣ!”

“አንዴ ታገሰኝ፣ ዋጋ ላይ ነን።”

የጅማው ሰው እኔን አየኝ፤ ጋቢ የለኝም፣ ትንፋሼ ተቆራርጧል፣ አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። “ስጠው ወንድሜ፣ ቤቱ ተቃጥሎበት ይሆናል” አለው። ጠይብ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ወረወረልኝ፤ ጨርቁን ግን አልለቀቀም።

ስመለስ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። በሩ ተከፈተ። ድስት ወጣ፣ ሰፌድ ወጣ፣ ድንኳኑ ወጣ፤ የሰፈሩ ባልቴቶች ከሩቅ አይተው “ማን ሞተ?” እያሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ገመዷ ከሁሉ ሥር ተገኘች። አገኘሁ ጓንቱን አጥልቆ ብሎኖቹን አጠበቀና ወርዶ መሰላሉን አነሳ። “ወደ ቤት ግቡ! ከምሰሶው ራቁ!” አለ። ሁላችንም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተጨናነቅን።

ብዙም አልቆየ። ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን መጣ፤ ከእሱ ጋር ምድሩ ተሰነጠቀ። አምፖሉ ጠፋ። ወፍጮው እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ።

የሸዋርካብሽ እጅ የወፍጮው ቋት ላይ ነበር፤ አላነሳችውም። እኔ ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ለሌላ ሰው ፈርቼ አላውቅም። ከተማው በሙሉ ላምባ ሊገዛኝ ቢመጣ ያን ሰዓት ሱቄን አልከፍትም ነበር።

ነጎድጓዱ ወደ ኮልፌ ሲርቅ አገኘሁ ወጥቶ መሰላሉን አቆመ። ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ነቀለ፣ ሌላ ተካ። ትራንስፎርመሩ ማንጎራጎር ጀመረ። አምፖሉ በራ።

“ደህና ነው” አለ ሲወርድ። “መብረቁን ገመዷ ወደ መሬት አወረደችው። የተቃጠለችው ባልቦላ፣ ፊውዟ ብቻ ናት፤ ሥራዋም እሱ ነው፤ እሷ ሞታ ትራንስፎርመሩን ታድናለች።”

ጋሼ ቦጋለ ባልቦላዋን በመዳፋቸው ተቀብለው አገላበጧት። ፊታቸው ፈካ። “እንግዲያው አባል ሞቷል” አሉ። “እቃ ቤቱ የተከፈተው በደንቡ ነው።”

ሸዋርካብሽ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ከዚያ እንባዋን በዱቄታም እጇ ጠርጋ ወፍጮውን አስነሳች።

ይመር በሳምንቱ ከምን አለሽ ተራ አሮጌ የብረት ቧንቧ አምጥቶ ገመዷን በውስጡ አሳለፈ፤ አገኘሁ ቆሞ አሳየው፣ በሲሚንቶ ደፈንናት። እድሩም አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ የመብራት ገመድ የቆረጠ ወይም የገዛ፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ምን አለሽ ተራ ይህን ሲሰማ የመብራት መዳብ አልነካም አለ። ፖሊስ የማይፈራ ሰው እንኳ ብቻውን መቀበርን ይፈራል።

ያን ክረምት መብራት አልጠፋም። ላምባዬ በበርሜሉ ቀረ። ሸዋርካብሽ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች።

“ላምባ ይስጡኝ።”

“ቤትዎ መብራት አለ አይደለም እንዴ?”

“የጠፋ ቀንስ?”

“ዘንድሮ አይጠፋም።”

“ይሸጣሉ አይሸጡም?”

እሸጥላታለሁ። ጠይብ “ይቺ ሴትዮ ላምባ ትጠጣለች እንዴ?” እያለ ይስቅብኛል። እኔም ነገሩ አልገባኝም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ጢሜን እላጭ ነበር።

ጠርሙሶቹን ያየኋቸው ከተጋባን በኋላ ነው። አልጋዋ ሥር ተደርድረዋል፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው፣ አንዱም አልተከፈተ። ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

“ያን ቅዳሜ ላምባህ የሚሸጥበት ቀን ነበር” አለችኝ። “አንተ ግን በአንድ እግር ጫማ ቁልፍ ይዘህ መጣህ።”