የሐረገወይን ባትሪዎች

ሰኞ ረፋድ ላይ ለአራተኛ ጊዜ ጠፋ። አምፖሉ ድርግም አለ፤ ለሙከራ የሰካነው ማቀዝቀዣ አንዴ ተንገጫገጨና ዝም አለ። ኢንቨርተሩ ላይ ቀይ መብራት በራ።

"ያው ነው፣ ጋሽ ካሳዬ" አለች ዳናዊት ስልኳን እያየች። "ኮሙኒኬሽን ሎስት። ባትሪው አይሰማኝም ይላል።"

ዳናዊት እዚሁ ለንደን የተወለደች የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ናት። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ነበር በነጻ የምትሠራልን። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አዲስ አበባ የመኪና ባትሪ እየሞላሁና እየጠገንኩ ኖርኩ፤ እዚህ ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር መጥቼም ከባቡር ድልድይ ሥር ባለች ጋራዥ ያንኑ ሠራሁ። አሁን ጋራዧ የሌላ ሰው ናት። የኋላ ክፍሏን ግን እስካሁን ይተዉልኛል። ዕቃውን የምንሞክረው እዚያ ነበር።

ዕቃው ሁለት ትልልቅ ባትሪዎችና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። የሚሄደው ወደ እህቴ ልጅ፣ ወደ ሐረገወይን ነው። ነርስ ናት። አገር ቤት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ መብራት የለውም። ማታ ምጥ የመጣባትን ሴት የምታዋልደው የስልኳን መብራት በጥርሷ ይዛ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ተሰጥቷቸው ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ዕቃው የሚላክበት ኮንቴይነር ዓርብ ይዘጋል። ካመለጠን የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እሱ እስኪደርስ ክረምት ገብቶ መንገዱ ይቆረጣል።

አራት ቀን ቀርቶናል፤ ማሽኑ ግን ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል።

ዳናዊት ገመዱን ቀየረች። የመልእክቱን ገመድ ከኃይሉ ገመድ አርቃ አሰረች። ሶፍትዌሩን አፕዴት አደረገች። ማክሰኞ በራ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየና ጠፋ። እሷ ስልኳን ስታይ እኔ ብረቱን አያለሁ። ባትሪዎቹ ፊት ላይ ትንሽ ክዳን አለች፣ በአንዲት ብሎን የተያዘች። በግራው ባትሪ ላይ ያለችው ብሎን አዲስ ናት። የቀኙ ብሎን ራሷ ተጫጭሯል። በመፍቻ አይደለም፤ በቢላ ነው። የሠላሳ ዓመት ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

"ከዚች ሥር ምንድን ነው ያለው?"

"የባትሪው ቁጥር ነው። በትንንሽ ማብሪያዎች ነው የሚሰጠው። ራሴ ስላደረግኩት አላየሁትም።"

"ክፈቺው።"

ከፈተች። ከዚያ የግራውን ከፈተች።

"ጋሼ፣ ኦኔስትሊ፣ እኔ አይደለሁም። የግራውን አንድ፣ የቀኙን ሁለት ነበር ያደረግኩት። አሁን ሁለቱም አንድ ናቸው። ኢንቨርተሩ አንድ ቁጥርን ሲጠራ ሁለቱም እኩል ይመልሱለታል። ምንም አይሰማም። ካልሰማ ደግሞ ለደኅንነት ብሎ ይቆርጣል።"

"ሳይሰማ እንዲሠራ ማድረግ አይቻልም?"

"ይቻላል። ግን ባትሪው ሲግል የሚያስቆመው አይኖርም።"

ቁጥሩን መለሰች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ሠራ። ወደ ቤቷ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ቀዩ መብራት በርቷል።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ማኅበራችን ኪልበርን ሰፈር ውስጥ አንድ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የተመረጡት ፓርላማ ይግቡ አይግቡ ተባለና ለሁለት ተሰነጠቀ። ይግቡ ባሉት ላይ ባዩ ሊቀመንበር ሆነ፣ አይግቡ ባሉት ላይ ደግፌ። እኔ ከደግፌ ጋር ወጣሁ። አሥራ ስምንት ዓመት አንዱ ለቅሶ ሲደርስ ሌላው እየወጣ ኖሩ። ለሐረገወይን ብዬ ስለምናቸው ሁለቱም እሺ አሉ፣ ግን አብረው አይደለም፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ባትሪ ገዛ። እያንዳንዱም የማኅበሩንና የሊቀመንበሩን ስም ያስቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ለጠፈበት። የኋላ ክፍሏን ቁልፍም ለአንዱ ሰጥቼ ለሌላው ብነሳ ስለሚያኮርፍ ለሁለቱም አስቀርጬ ሰጠሁ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባትሪዎቹን በተረከብንበት ቀን ዳናዊት በቅንነት አስረዳች። "አንድ ቁጥር ነው ከኢንቨርተሩ ጋር የሚነጋገረው። ሁለት ቁጥር የሚለውን ለአንድ ይነግረዋል፤ አንድ ያቀርብለታል" አለች። የባዩ ባትሪ የግራው ነበር።

ባዩ ሳቀ። "ሰማህ ደግፌ? ከእንግዲህ በኛ በኩል ነው የምታመለክተው!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደግፌ አልሳቀም። አየሁት፣ አለፍኩት።

ሐሙስ ዳናዊት ቁጥሩን እንደገና መልሳ ሄደች፤ ማታ እኔ ከጎማ ክምር ኋላ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ከምሽቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። ደግፌ ገባ። ደግፌ ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፤ የታመምኩ ጊዜ ሆስፒታል ያደረ ሰው ነው። መነጽሩን አደረገ፤ ከኮቱ ኪስ ቢላ አወጣ፤ ከቀኙ ባትሪ ፊት ተንበረከከ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉልበቴን ያመኛል እያለ ወንበር የሚፈልግ ሰው ነው።

"አበ ልጅ፣ እጅህን አንሳ።"

ቢላው ከእጁ ወደቀ።

"አንተ ነህ? በስመ አብ! አስደነገጥከኝ እኮ።"

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ቼክ እያደረግኩ ነዋ።"

"በሽንኩርት ቢላ?"

ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። ይክዳል ብዬ ስጠብቅ ይባስ ብሎ ቀና አለ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። እነሱ አንድ፣ እኛ ሁለት? ማን ነው ቁጥር የሰጣቸው? ያቺ ትላንት የተወለደች ልጅ?"

"ከማን ተማርከው?"

"ከራሷ። ስትሠራ አይቼ። ቀላል ነው።"

"ቀላል ነው። በአንተ ቀላል ሥራ ማሽኑ አራት ቀን ሞቷል።"

"እኔ ማሽኑን አልነካሁም። የራሳችንን ባትሪ ነው የነካሁት። ባዩ የሱን ሁለት ያድርግና ይሥራ፤ ማን ከለከለው?"

"ያኔ ባዩ ቢላ ይዞ ይመጣል።"

"ይመጣል" አለ ደግፌ። ትንሽ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ደሜን አፈላው።

"ሐረገወይን በምን እንደምታዋልድ ነግሬሃለሁ።"

"ነግረኸኛል። አዝኛለሁ። ግን አንተ ትረሳለህ፣ ካሳዬ። እኔ አልረሳም። ሰው የሞተበት ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ የሸጠን ሰው ዛሬ በኔ ስም ይናገር?"

"የሞቱትን አትጥራ። የነሱ ስም እዚህ ብረት ላይ የለም። ያለው ያንተ ነው።"

ፊቱ ጠቆረ። እጄን ዘረጋሁ።

"ቁልፉን።"

መሬት ላይ ወረወረው። "ከዛሬ ጀምሮ አበ ልጅ አትበለኝ" ብሎ ወጣ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ቢላውንም አነሳሁት።

ለዳናዊት ደወልኩ። እስክትመጣ ሁለቱን ሰሌዳዎች በመፍቻ ፈንቅዬ አወጣኋቸው፤ ሙጫቸውን በቤንዚን አጠብኩ። ሰሌዳው ሲነሳ ባትሪዎቹ መንታ ናቸው፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቀለም። የተጫጨረችውንም ብሎን በአዲስ ቀየርኩ። ከዚያ በጋሪ እየገፋሁ ቦታቸውን አለዋወጥኩ፤ አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በመጨረሻ የቱ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አልናገርም።

ዳናዊት ገብታ አየችና "የማን የትኛው ነው?" አለች።

"አትጠይቂኝ። አንዱን አንድ፣ ሌላውን ሁለት አድርጊ።"

አደረገች። ክዳኖቹ ሲገጠሙ የብረት ሙጫ በጥብጬ ብሎኖቹን ደፈንኳቸው።

"ጋሽ ካሳዬ! ዋስትናው እኮ ይሰረዛል! ማንም ሊከፍተው አይችልም!"

"ለሱ ነው።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ማሽኑን አበራነው። ማቀዝቀዣው ሥራ ጀመረ፤ ኢንቨርተሩ ላይ አረንጓዴ ነበር። ጠዋት ስመለስም አረንጓዴ ነበር። በሳንጥን አሸግነው።

ዓርብ የጭነት መኪናው መጣ። ሳንጥኖቹ ከተጫኑ በኋላ ባዩ ከረባት አስሮ ደረሰ፤ ከሰሌዳው ጋር ፎቶ ሊነሳ ነው። ከኋላው ደግፌ መጣ። አልጠራሁትም።

"ሰሌዳችን የታለ?" አለ ባዩ።

ሁለቱንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

"ምን ማለት ነው ይሄ? የኛ ባትሪ የቱ ነው?"

"ሁለቱም የሐረገወይን ናቸው።"

"ቀልድ ተው! ሳንጥኑ ይከፈት፣ የፋብሪካ ቁጥሩ ይታይ!"

"ይከፈት" አለ ደግፌ። "ለአባላት ምን እንላቸዋለን? ገንዘብ ያዋጣ ሰው የራሱን ማየት መብቱ ነው።"

"አቶ ደግፌ ያሉት ትክክል ነው!" አለ ባዩ። "እርስዎ ይመስክሩ፣ ይሄ ሌብነት አይደለም?"

"ሌብነት ነው እንጂ!"

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ባዩ ደግፌን እርስዎ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጎን ለጎን ሆነው ከመኪናው ኋላ ቆሙ። ባዩ እጁን በሩ ላይ አደረገ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ፤ አምስት ደቂቃ ብቻ እንዳለው ነገረኝ። በዚያች ደቂቃ ከሁለቱም የበለጠ የጠላሁት ሰው አልነበረኝም።

ስልኬን አውጥቼ ለሐረገወይን ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ዘረጋሁላቸው።

"አውርዱት። ግን ለምን እንዳወረዳችሁ ራሳችሁ ንገሯት።"

ጠራ። ደግፌ ባዩን አየው። ባዩ ስልኩን አየው።

"ሃሎ? ጋሽዬ? ተጫነ?"

ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

"ጋሽዬ ይሰማል? ሃሎ?"

ባዩ እጁን ከበሩ አነሳ። ደግፌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ለሾፌሩ ምልክት ሰጠሁት፤ በሩን ዘጋ።

"ተጭኗል፣ ልጄ" አልኳት።

"እግዜር ይስጥልን! እግዜር ይስጥልን! እነዚያን የረዱንን ሰዎች ስማቸውን ላክልኝ እሺ? በትልቁ ጽፈን በር ላይ እንሰቅለዋለን።"

ሁለቱም ቀና አሉ። ደግፌ አፉን ከፈተ።

"ስም የለም" ብዬ ዘጋሁት።

መኪናው መንገዱን ያዘ። እነሱ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ፣ አብረው፣ እኔን እየረገሙ። እስኪታጠፉ ድረስ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።