ከጎማ ዛፎቹ መሀል የሚመጣው ፉጨት

ትሬሲያማ ያንን ፉጨት መጀመሪያ የሰማችው በረንዳ ላይ ካሳቫ ስትልጥ ነው። ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይልና መጨረሻው ላይ ሰው እንደሚጣራ ሳብ ይላል። የመጣው ከጓሮ፣ ከጎማ ዛፎቹ መሀል ነበር። ምራቷ ጂንሲ ወዲያው የፍየሏን ገመድ አነሳች።

"ፍየሏን ላምጣት፣ እማ" ብላ ወጣች።

ፍየሏ በረት ውስጥ ተኝታ ታመነዥካለች።

ትሬሲያማ በረቱን አየት አድርጋ መላጧን ቀጠለች። በማግስቱም ፉጨቱ መጣ፤ ጂንሲም እንጨት ልልቀም ብላ ወጣች፤ እንጨት ግን ይዛ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ጆሮዋን ጓሮ ላይ ተክላ መዋል ጀመረች። ልጇ ሲጆ ሠርጉ ሳይበርድ ነበር ተመልሶ ኩዌት የሄደው። መንደሩ ደግሞ ባሏ ባሕር ማዶ ያለ ሴት ምን ለበሰች፣ የት ዋለች ሲል የሚውል መንደር ነው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ትሬሲያማ ለቤተ ክርስቲያን ሻማ ላደርስ ነው ብላ ወጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ጎረምሶቹ በራኬት የላባ ኳስ እየመቱ ባድሚንተን ይጫወታሉ፤ ጫጫታቸው ጸሎት አያስደርስም። ቆማ ስታይ ከመረቡ ወዲህ ያለው ባይጁ፣ ድሮ ከሲጆ ጋር ተጣምሮ ይጫወት የነበረው፣ ለጓደኛው ምልክት ሊሰጥ አፏጨ። ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ።

ትሬሲያማ ወደ መረቡ ተጠጋች።

"እማማ፣ ሊጫወቱ መጡ?" አላት ባይጁ፣ ላቡን እየጠረገ።

"ያ የያዝከው ራኬት የማን ነው?"

"የሲጆ ነዋ። ጂንሲ ናት የሰጠችኝ።"

ዓይኑን እንኳ ሰበር አላደረገም። ቤት ገብታ ግድግዳውን አየች። ራኬቱ የሚሰቀልበት ምስማር ባዶውን ቀርቷል። እንዴት እስካሁን አላየሁም ብላ በራሷ ተናደደች። ራት ላይ ጂንሲ ዓሣውን ስታቀርብላት እጇን እያየች "ይሄ እጅ" አለች በልቧ፤ ዓሣውም ጨርሶ አልበላ አላት።

በማግስቱ ፉጨቱ ሲመጣ ምራቷን ቀድማ እንድትወጣ ተወቻትና ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻት። በግንዶቹ መሀል እየተደበቀች ሄደች። ወንድ ድምፅ ትጠብቅ ነበር። ጂንሲ ግን ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ አንጋጣለች።

ፉጨቱ ከቅርንጫፍ ላይ መጣ። ጥቁር ወፍ ናት። ከጭራዋ ሁለት እንደ ክር የቀጠኑ ላባዎች ወርደው ጫፋቸው ክብ ሆኗል፤ የሜዳው ልጆች ሁለት ራኬት ይዛ አንዱን የማታውስ እያሉ የሚቀልዱባት፣ የሰማችውን ድምፅ ሁሉ እየቀዳች ጫካውን በጩኸት የምታናውጠው ወፍ።

"ከማን ተማረችው?" አለች ትሬሲያማ ከኋላ።

ጂንሲ ደንግጣ ተነሳች። "እማ..."

"ወፍ ከራሷ አታወጣም። ከማን ነው? ባይጁ እዚህ ይመጣል?"

"ባይጁ?" ጂንሲ ፊቷ ቀላ። "የሲጆ ፉጨት ነው። እሱና ባይጁ ሜዳ ላይ የሚጠራሩበት ነው። ሲጆ ከመሄዱ በፊት ከጨዋታ ሲመለስ እዚህ ጋ ያፏጭልኝ ነበር፤ የገላ ውሃ እንድጥድለት።"

"አንቺማ ምን ትያለሽ። ራኬቱንስ?"

"ሲጆ ነው ሲሄድ ስጪው ያለኝ። ክሩ በዝናቡ ላልቶ ነበር፣ ባይጁ እያሠራ ይጫወትበት ብሎ። ካላመኑኝ ይጠብቁ። ገና አልጨረሰችም።"

ወፊቱ እንደገና አፏጨች። ከዚያ ቀጥላ የግቢው የድሮ የቆርቆሮ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ሲጥታ አሰማች። በሩን ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል፤ አሁን ያለው የቀርከሃ ነው። ከሲጥታው በኋላ ሁለት ደረቅ ሳል መጣ። እህ፣ እህ።

ትሬሲያማ የገዛ ሳሏን አወቀችው። ልጇ አምሽቶ ሲገባ፣ አልተኛሁም ለማለት በመስኮቱ የምትስለው ሳል ነው። በዚያ በር አምሽቶ የሚገባ ከሲጆ ሌላ ሰው አልነበረም።

ወደ ጂንሲ ዞረች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ትጮሃለች ብለው በድንጋይ ያባርሯት ነበር እኮ። እንዳትሄድብኝ ፈርቼ ነው።"

ትሬሲያማ አፈረች፤ ከኀፍረቷ ግን ሌላ ነገር ይበልጥ ቆረቆራት። ልጇ በየምሽቱ ከጓሮዋ ሲያፏጭ እሷ አንድም ቀን አልሰማችውም። በሩ ሲጥ እስኪል ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ለጂንሲ ቦታ ለቀቀችላት።

እሑድ ሲጆ ሲደውል እንደ ወትሮው ስልኩን እሷ ቀድማ ያዘች።

"ራኬቱን ለባይጁ ስጪው ያልካት አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እማ። ምነው?"

"ምንም።"

ሁልጊዜ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ አጠገባቸው ተቀምጣ ቃል በቃል ትሰማ ነበር። ያን ቀን ስልኩን ለጂንሲ ሰጠቻትና ፍየሏን ልታይ ወጣች። በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው።