የጆንያው ተቀናሽ

ቁልፏ ስትፈናጠር በመጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ሠላሳ ተሸካሚዎች በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ። ከግራጫው ጋውን መሀል ተነቅላ፣ በአርባ ሺህ ጆንያ ስንዴ አናት ላይ አቋርጣ፣ ወዲያ ማዶ ሻይ ይጠጣ የነበረውን የመጋዘን ኃላፊ ብርጭቆ ቅጭል አድርጋ መታችው። ብርጭቆው አልተሰበረም። ሻዩ ግን እስከ ማግስቱ ሲንቀጠቀጥ መዋሉን ያዩ አሉ።

የጋውኑ ባለቤት የመጋዘኑ መዛኝ ናት። ባልደረቦቿ «ግራም» ይሏታል፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንዲት ግራም አምልጣት አታውቅምና። ባስኩላ በሚሉት ትልቁ የወለል ሚዛን ላይ ጆንያ ሲጫን አንዱ ነጋዴ የጫማውን ጫፍ ሹልክ ቢያደርግ፣ ጀርባዋን ሰጥታ እንኳ «ያቺን ግራ እግርህን ሰብስብ» ትለዋለች። ዝንብ ጆንያው ላይ ካረፈች፣ ዝንቧ እስክትነሳ ጠብቃ ነው የምትጽፈው።

ያን ቀን ግን ለሥራ አልነበረም የመጣችው። ከወለደች ወሯ ነው፤ ልጇን ለባልደረቦቿ ልታሳይ ብቅ ብላ፣ ጋውኗን ምስማሩ ላይ ስታየው ናፈቃትና ለካችው። ሰባት ቁልፍ አለው። አራቱ እሺ አሉ። አምስተኛዋ የሆነችውን አይታችኋል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሱን ደግሞ «ኩንታል» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ወንበሩ ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ባስኩላው ላይ አንድ እግሩን አላሳረፈም። በአጠገቡ ሲያልፍ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ያየ ይመስል ዞሮ ነው የሚሄደው።

«ግራም፣» አላት ድምፁን ጠርጎ፣ «ከእንግዲህ ኪሎ ብንልሽ ሳይሻል አይቀርም።»

ሠላሳው ተሸካሚ ሳቀ። ግራም ፊቷ ቀላ።

«ይስሙኝ ጋሼ። ፈቃዴ አልቆ ስመለስ ሰባቱንም ቆልፌ ነው የምገባው። ካልቆለፍኩ የእርስዎን ጋውን ለብሼ አንድ ወር እሠራለሁ።»

«የእኔን? ጠፍተሽ ፍለጋ ልንወጣ ነዋ።»

«ከቆለፍኩ ግን እርስዎ ባስኩላው ላይ ይወጣሉ።»

ኩንታል እንቢ እንዳይል ስልሳ ዓይን ያየዋል። «እሺ» አለ፣ ቃሉ ግን በግድ የወጣ ጥርስ ይመስል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለቱም አፋፉ ላይ ቆሙ።

ግራም ሌላ ሰው ባነበበው ክብደት አታምንም። ስለዚህ ያኔውኑ ልጇን ናሙና በሚመዘንባት ትንሽ ሚዛን ሳህን ላይ አስተኛቻት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። ነገር ግን የሳህኑ ቅዝቃዜ ጀርባዋን ሲነካት እመቤቲቱ (በቤት የምትጠራው እንዲህ ነው) ያሰማችው ጩኸት የቆርቆሮውን ጣሪያ ሁለት ጣት ከፍ አደረገው። ጣሪያው ሥር የሰፈሩት ርግቦች ሦስት ቀን አልተመለሱም። ከዚያ ወዲያ በመጋዘኑ ውስጥ ከእናቷ ክንድ ሊያወርዳት የደፈረ የለም።

መላው ግን ከሙያው አይጠፋም። እህል ከነጆንያው ይመዘንና የጆንያው ክብደት ይቀነሳል። የባዶ ጆንያው ክብደት ደግሞ በወቅቱ መጀመሪያ አንዴ ይመዘናል፣ መዝገቡ ራስጌ ላይ «ተቀናሽ» ተብሎ ይጻፋል፣ ለመቶ ሺህ ጆንያ ያገለግላል። ግራም ልጇን እንዳቀፈች ባስኩላው ላይ ወጣችና የኪስ ደብተሯን አወጣች፦ ጥቅል 78.2። ተቀናሽ 4.2። የተጣራ 74።

«በየቅዳሜው እመጣለሁ» አለችና ወጣች።

መጣችም። በመሀሉ ያልሄደችበት መንገድ አልነበረም፤ እመቤቲቱን ታቅፋ በሰፈሩ ዙሪያ የረገጠችው ርምጃ ቢቀጣጠል ባሕር ያሻግር ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጥቅል 78.2። ሁለተኛው፣ 78.2። በስድስተኛውም ቀስቱ እዚያው እንደ ምስማር ተቸንክሯል። ግራም እንደ ወትሮዋ አራት ከሁለት መቶዋን ቀንሳ፣ 74 ብላ ጽፋ፣ ደብተሩን ጠረቀመችው። ኩንታል በሩቁ ሻዩን እያማሰለ ያፏጫል።

«እማዬ፣ ውኃ እንኳ ያወፍረኛል» አለች እቤት ገብታ።

እናቷ አራሷን ለማረስ የመጡ ሴት ናቸው። ሾርባ የሚሠሩበት ድስት ሕፃን ገላውን ሊታጠብበት የሚችል ነው፤ ሳህን ሞልተው አንዴ ካስቀመጡ ማንሳት የሚቻለው ባዶውን ብቻ ነው። «ብዪ» አሏት። «ጡት የሚሞላው ከሆድ ነው። ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?»

ባሏ በበኩሉ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ይህም ማለት በቀን አርባ ሐኪም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ማታ ማታ የሰበሰበውን ይዘረግፋል። «ዛሬ አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ዳቦ ካቆመች በሳምንት ሸንበቆ ትሆናለች። ሌላው ደግሞ፣ ቁርስ ነው ጠላቷ አለ።»

«እሱ ራሱ ምን ያህል ነው?»

«ወንበሬን የሰበረው ነው» አለ ባሏ በሐቅ።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ወንበር ሰባሪም ይሰማል። ግራም ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ቁርሷን ተወች። ምሳዋን ለጎረቤት ድመት፣ እራቷን በጠረጴዛ ሥር ለባሏ ማሳለፍ ያዘች። እናቷ ዘወር ሲሉ ዳቦው ይሻገራል፣ እንቁላሉ ይሻገራል፣ ሾርባውም ሳይቀር መንገድ ያገኛል። ባሏ አፉ ሞልቶ «ኧረ ተይ» ይላል፤ ይውጣል። በሁለት ሳምንት ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ተሻገረ፣ ጉንጩ አበራ፤ ደንበኞቹ «አራሱ አንተ ነህ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር።

ለውጡን በመጀመሪያ ያስታወቀችው ግን እመቤቲቱ ናት። ድሮ ዓይኗን ጨፍና እስክትሰክር ትጠባና ክንዷ ዝልፍልፍ ብሎ ትተኛ ነበር። አሁን ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ቀና ብላ እናቷን ታያታለች፤ ልክ ጆንያው ጎድሎ እንዳገኘ ተቆጣጣሪ። ከዚያ ታለቅሳለች። ግራም ወደዚያኛው ጡት ታዞራታለች። እዚያም ያው ነው። «ጥርሷ ሊወጣ ነው» አለች፤ በሦስት ወር።

በስምንተኛው ቅዳሜ ቀስቱ ተነቃነቀ። 77.2! ደብተሯ ላይ የተጣራ 73 ብላ ስትጽፍ እጇ ተንቀጠቀጠ። ደስታ ነው ብላ አሰበች፤ ረኃብ ነበር። ኩንታል ማፏጨቱን አቆመ። ተሸካሚዎቹ ባስኩላው ይችለዋል አይችለውም እያሉ ይከራከሩ ጀመር።

እሷ እቤት ስትገባ እናቷ ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመዋል።

«ድሮ በቀን አሥር የሽንት ጨርቅ አሰጣ ነበር» አሏት ዘወር ሳይሉ። «ዛሬ አምስት። ትላንትም አምስት።»

«ጎበዝ ሆናለች ማለት ነዋ።»

«ያልገባ አይወጣም፣ ልጄ።» አሁን ዞሩ። «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ አንቺ ደግሞ ላሟን እቤት አስረሽ ገለባ ከለከልሻት።»

«እማዬ፣ ላም አደረግሽኝ?»

«ላምስ ሲርባት ትጮኻለች። የባልሽን ጉንጭ ያላየሁ መሰለሽ? የኔ ሾርባ ያረፈበትን አላጣውም።»

ሰኞ ማለዳ እየነዱ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ እመቤቲቱን ሚዛን ላይ አስተኛቻት (የጩኸቱን ነገር እንተወው፤ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ መንገድ ዳር ወጡ) እና ካርዷ ላይ ልትጽፍ ስትል፣ «አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ» አለች።

ግራም ፈገግ አለች። ሙያተኛ ሙያ የማያውቀውን የሚያይበት ፈገግታ አለ፤ እሱን ነው። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሚዛንዎ ተበላሽቷል።»

«ምኑ?»

«አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ይጨምራል። ልጄ አራት ከሁለት መቶ ናት።» ከሽንት ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ የአንድ ኪሎ የብረት መመዘኛ አወጣች፤ ሌላ እናት ጡጦ እንደምትይዘው እሷ እሱን ነው የምትይዘው። ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ልክ አንድ ኪሎ። ገልብጣ አኖረችው። አሁንም አንድ ኪሎ። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

ነርሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀቻት። «አራት ከሁለት መቶ ያልሽው መቼ መዝነሻት ነው?»

«በወሯ። ተቀናሽ አንዴ ነው የሚመዘነው፣ ከዚያ በኋላ…» አለችና ቆመች።

ጆንያ አያድግም። ልጅ ያድጋል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማራት መጋዘን ይህችን አንዲት ነገር አላስተማራትም።

«ካርዱ ላይ እኮ አለልሽ፣ እናትዬ» አለች ነርሷ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ለክትባት ስታመጫት አምስት ከስምንት መቶ ነበረች።»

ካርዱን ሌላ ሰው የጻፈው ስለሆነ አንብባው አታውቅም። ደብተሯን አውጥታ ግድግዳው ላይ ደግፋ ደመረች፣ ቀነሰች። እነዚያ ስድስት ግትር ቅዳሜዎች ግትር አልነበሩም፤ የእናቷን ሾርባ እየበላች አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ቀንሳለች። የቀነሰችውን ያህል ደግሞ ልጅቷ ጨምራለች፤ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ተገለበጠ እንጂ አልጎደለም፤ ቀስቱ የት ይሂድ?

ልትስቅ ነበር። ነርሷ ግን አልጨረሰችም።

«በየሳምንቱ ሩብ ኪሎ ስትጨምር የነበረች ልጅ በሁለት ሳምንት መቶ ግራም ብቻ ጨመረች። እቤት ምን ተለወጠ?»

ግራም ሒሳቡን ሳትጽፈው አወቀችው። ግማሽ ኪሎ መሆን ነበረበት፤ መቶ ሆነ። አንድ ግራም አምልጣት የማታውቀው ሴት፣ አራት መቶ ግራም ከገዛ ብብቷ ሥር አመለጣት፤ እሷ ባስኩላው ላይ ቆማ በደስታ ስትጽፍ። እመቤቲቱን ከሚዛኑ አንስታ አንገቷ ሥር ወሸቀቻት። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። እናቷ ከጎኗ ሆነው የሽንት ጨርቁን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀበሏት።

ነርሷ ወንበር ሳበችላት። «አሁን ገና ነው፣ ይመለሳል። እየጠገብሽ ብዪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢ። መራመድሽን አትተዪ። በልተሽም ስትቀንሺ እንደነበር ያው ራስሽ ጽፈሽዋል፤ በዝግታ ይወርዳል፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

«ሰባት ቁልፍ» አለች ግራም። ነርሷ አልገባትም።

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት የተበላውን ለመጻፍ መዝገብ አይበቃም። ድስቱ ከእሳት አልወረደም። ባሏ የጠረጴዛ ሥር ንግዱ ተዘጋበትና በወሩ ሱሪው ይወርድ ጀመር። «ጨካኝ ነሽ» ይላታል፤ ሳህኗን ክንዷ ስለከበበው አትሰማውም። በአራተኛው ቀን እመቤቲቱ ጠባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ክንዷ ዝልፍልፍ አለ። በሳምንቱ ገመዱ በሽንት ጨርቅ ሞልቶ መሀሉ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ እናቷም ሰንደቅ ዓላማ እንዳዩ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው ተመለከቱት። ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ መዘናት። ከፈቃዷ መጨረሻ ቀን በፊት በነበረው ምዘና፣ ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ። ይህን ግራም ራሷ አነበበችው፤ ነርሷንም እንድትጽፈው ፈቀደችላት።

የሥራ መመለሻዋ ቀን ሠላሳው ተሸካሚ ተሰልፎ ጠበቃት። ጋውኗን ከምስማሩ አወረደች፤ ያቺ በራሪ ቁልፍ ተመልሳ ተተክላለች። ከታች ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ያቺም አምስተኛዋ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ። የአንገቷም ገባች። ደረቷ ላይ ያለችው ግን ከቀዳዳዋ ሦስት ጣት ርቃ ቆመች። ግራም ሳበች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ተወችው።

«ስድስት» አለች። «ሰባተኛዋ የእኔ አይደለችም ጋሼ፣ የእመቤቲቱ ምሳ ናት። ጋውንዎን ያምጡ።»

ኩንታል እፎይ ሲል የወጣው አየር የቢሮውን ወረቀት በተነ። ጋውኑን አወለቀላት። ስትለብሰው እጅጌው ጉልበቷን አልፎ ወለሉን ጠረገ፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለት ተሸካሚ ጆንያ መስላቸው ሊያነሷት ሞክረዋል።

በምሳ ሰዓት እናቷ እመቤቲቱን ይዘው መጡ። ልትቀበላት ስትል እጇ እጅጌው ውስጥ ጠፋ። «ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ይያዙልኝ።»

ኩንታል ያዘ። ሁሉም ጆሮውን ሊደፍን ተዘጋጀ። እመቤቲቱ ግን እንደ ፍራሽ የሚመች ሆዱ ላይ ጋለል ብላ ዝም አለች። ከቤት ሰው ሌላ አቅፏት ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ኩንታልን አንዳች ነገር ፊቱን አለሰለሰው፤ እሹሩሩ እያለ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ፣ እንደገና ወዲህ፤ ዓይኑን ከሕፃኗ ሳይነቅል ባስኩላው ላይ ወጣ።

ብረቱ ጓ አለ። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ኩንታል ወደ ታች አየ፣ ደርቆ ቀረ። ቀስቱ ገና ጉዞ ላይ ነበር።

ሠላሳው አንገት ከመድረሱ በፊት ግራም ተፈናጥራ ደረሰች። የዚያን ጋውን ሁለት ጎን እንደ መጋረጃ ዘርግታ የቁጥሩን ሰሌዳ ሸፈነችው፤ ይተርፋልም። አጮልቃ ብቻዋን አየች። ደብተሯን አወጣች።

«ግራም» አለ ኩንታል በሹክሹክታ።

«አቤት ጋሼ።»

«ምን ልትጽፊ ነው?»

ጽፋ ስትጨርስ አሳየችው። የተጣራ 6.6። ጥቅልና ተቀናሽ የሚለው ሥር ባዶ ነው።

«እኔስ?»

«እርስዎ ጆንያው ነዎት። እኔም ጆንያው ነበርኩ፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ እህሉን ስቀንስ ከረምኩ እንጂ።» እጇን ከእጅጌው ውስጥ አግኝታ ዘረጋች። «አሁን ይስጡኝ፣ ሰዓቷ ደርሷል።»

ኩንታል ሕፃኗን ሰጣትና ወረደ። እሷም ስንዴው ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ የኩንታልን ጋውን አንድ ጎን ላይዋ ላይ ጣል አደረገችባት። ለሁለቱም በቃ፤ ለሦስተኛ ሰውም ቦታ ነበረው።