ጎማ ጎማ የሸተተችኝ ሙሽራ

ለሙሽራ ገላ ማሻ ባዘጋጀሁት ድልካ ላይ ዝንብ አርፎ ነበር። በደንብ የታጠነ ድልካ ላይ ዝንብ እንደማያርፍ ከሰላ ውስጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ነገሩ ትዝ ያለኝ ሳህኑ ከግቢዬ ወጥቶ ያዘዘችኝ ሙሽራ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

የማሽላውን ሊጥ ከቅርንፉድና ከሰንደል ጋር አቡክቼ፣ የሸክላ ሳህን ውስጥ ለጥፌ፣ ሳህኑን የግራር ጭስ ላይ ደፍቼ አምስት ቀን አጥኜዋለሁ። መድረሱን የሚያውቀው አፍንጫ ነው። የእኔ አፍንጫ ደግሞ ካለፈው ከባድ ጉንፋን ወዲህ ሞቷል። ለማንም አልተናገርኩም። ቀለሙ ሲጠቁርልኝ አወጣሁት። ውስጡ ኮምጧል።

ሳህኑን የመለሰችልኝ የሟች ባለቤቴ እህት ከልቱም ናት።

«ሲታና፣ ልጅቷን ልትድሪያት ነው ወይስ እንደ ጠላ ልትጠምቂያት?»

የአፍንጫዬን ነገር ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«የሪሃብስ?» አለችኝ።

ሪሃብ አንድ ልጄ ናት፤ ፖርት ሱዳን ታስተምራለች። ሠርጓ ሁለት ወር ቀርቶታል። በእኛ ቤተሰብ የሙሽራን ገላ በድልካ የምታሸው እናቷ ናት።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ፣ «የሽታ ነርቭ ሞቶ እንደገና ይበቅላል» አለኝ። «ጠዋትና ማታ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጽጌረዳ ያሽትቱ። ወራት ይፈጃል። ሲመለስም መጀመሪያ ተሳስቶ ሊመለስ ይችላል፤ እንዳይደነግጡ።»

እኔ ግን ከማይመለስላቸው አንዷ እንደምሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ጋዝ ቢያፈስ አላውቅም ብዬ ምድጃውን ትቼ በከሰል ማብሰል ጀመርኩ። ከሰሉም አፍኖ ይገድለኛል ብዬ ደጅ አወጣሁት። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሎሚ ስልጥ፣ ቅርንፉድ ስወቅጥ ከረምኩ። ምንም የለም።

በስምንተኛው ሳምንት ሪሃብ መጣች። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሮጣ አቀፈችኝ፤ ያን ጊዜ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከአውቶቡሱ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብታ ታጥባ ስትመጣም ያው ነው። ሽታው ከአንገቷ፣ ከጸጉሯ ነው። የሐኪሙን ቃል አልረሳሁትም። ግን ልጄን ሌላ ሰው ያላወቀው በሽታ ይዟት፣ እኔ ብቻ ሸትቶኝ ቢሆንስ?

ሦስት ቀን ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ድልካውን ከልቱም በራሷ አፍንጫ አድርሳ አመጣችው። ሪሃብ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ስትጠብቀኝ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዩማ፣ እናቴ፣ የማገባውን ሰውዬ አልወደድሽውም አይደል?» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ።»

«እሱስ ደግ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጎማ ትሸቺኛለሽ። የተቃጠለ ጎማ።»

ክንዷን አንስታ አሸተተች። ከልቱም ግን አላስቻላትም።

«የመኪና ነው የጋሪ?»

ሪሃብ ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባዋ አላቆመም። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት።

«በይ ነይ» አለችኝ እጄን ይዛ። «ጎማም ብሆን የምታሺኝ አንቺው ነሽ።»

ከአንገቷ እስከ ተረከዟ አሸኋት። ማቅለሽለሹ እንዳይበረታብኝ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። ሕፃን ሆና አናቷን እያሸተትኩ የማስተኛት ልጅ ናት። የተሳሳተው ሽታ ነርቩ መንገድ መጀመሩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እሷ ከመሄዷ በፊት ግን እንደማይደርስ አውቄዋለሁ።

አልደረሰም። ሠርጉ አለፈ፤ ባሏ ይዟት ሄደ። የመጨረሻዋ እንግዳ ከልቱም ነበረች። ፀሐይ ስትጠልቅ ቶቧን ተከናንባ ስትወጣ የሪሃብ ክፍል በር ላይ ቆማ አየሩን በረጅሙ ሳበች።

«ወይ ጉድ! ልጅሽ ከነሰንደሏ እዚህ አይደለች እንዴ! መስኮቱን ካልከፈትሽው ሳምንት ይቆይልሻል።»

ብቻዬን ስሆን ገብቼ ሳብኩት። ጎማ ነው። ሐኪሙ ወራት ብሎኛል፤ ይሄ ሽታ ደግሞ ሳምንት ነው። እንደማይጠብቀኝ አውቃለሁ። ቢሆንም መስኮቱን ዘጋሁ፤ ወጥቼም በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጨርቅ ወተፍኩበት። ከዚያ የግቢውን በር ቆለፍኩ።