ብልቃጧ ስታልቅ

«አንቺ ሰሊና፣ ይሄ ፍሪጅ ሊፈነዳ ነው እኮ! ምስር በምስር ላይ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ የሺሀረግ፣ እስከ ትከሻቸው ፍሪጁ ውስጥ ገብተው።

ለቅሶ ቤት ምድጃ አይለኮስም ብሎ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው ሐበሻ ድስቱን ተሸክሞ መጥቷል። ሰሊና ግን አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ፍሪጁን እንደ ዘበኛ የምትጠብቀው ለምስሩ ብላ አይደለም። በሩ ላይ፣ ከእናቷ የጸበል ጠርሙስ ጎን፣ አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ አለች። አባቷ ዓብዩ ጀምሯት ያልጨረሳት።

ዓብዩ አንጀቱ የቆሰለ ሰው ነበር። እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ከተማውን የሚያውቀው በሽንት ቤቶቹ ነው። መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ሲለው ኢንተርኔት ላይ ፔፕታይድ የሚሉትን አገኘ፤ የአንጀት ቁስል ይጠግናል ተብሎ ገና የሚሞከር፣ በመርፌ የሚወሰድ ነገር። ሐኪሙ «ሰው ላይ አልተረጋገጠም፣ ይቅርብህ» ብሎት ነበር።

«ዳዲ፣ የሞከሩት እኮ አይጥ ላይ ነው!»

«አይጧ ተሻላት?»

«ተሻላት መሰለኝ።»

«በቃ፣ እኔ ከአይጥ አላንስም።» ከብልቃጧ በመርፌ ቀድቶ ሆዱን ቆንጥጦ ወጋ። «ይቺ ብልቃጥ ስታልቅ፣ እኔና አንቺ ስንግ ቃሪያ ለሁለት ገምሰን እስክናለቅስ እንበላለን። ቀጠሮ ነው!»

ቃሪያ ከቀመሰ ስንት ዓመቱ! በሽታው ቀደመው። ብልቃጧ ግን አላለቀችም። እሷ እስካላለቀች ቀጠሮው አለ፤ ሰሊና ይሄን ለማንም አልተናገረችም።

«ሰሊና! ጋሽ ንጉሡ ከውድብሪጅ መጥተዋል፣ ነይ ሳሚያቸው» አለች እናቷ ከሳሎን።

ሄደች። ጋሽ ንጉሡ ጉንጯን እያገላበጡ ሲስሟት፣ ከኋላ ሶፋው ላይ ሹክሹክታ ሰማች፤ «አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ? የአሜሪካ ልጅ!»

«ደንግጣ ነው፤ ጸበል ያስፈልጋታል» አሉ እትዬ የሺሀረግ ብልቃጧን ይዘው ከኩሽና ብቅ ብለው። «ይቺ ትንሿ ከገዳም የመጣች ትሆናለች፤ ክዳኗን በቢላዋ ስንት ታግዬ!» በስመ አብ ብለው ብልቃጧን እያራገፉ ፊቷን ረጯት፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

«ኖ! ኖ፣ እትዬ!»

አለቀች።

እትዬ የሺሀረግ ባዶዋን ብልቃጥ እንደያዙ «ምነው የኔ እናት?» እያሉ ቀሩ። ሰሊና ፊቷን አልጠረገችም። ኩሽና ገብታ ከተደረደረው ትሪ ላይ ትልቁን ስንግ አነሳች፤ ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን አፏ ውስጥ ከተተች። አቃጠላት። እያለቀሰች ሌላውን ግማሽ ፍሪጁ በር ላይ፣ ብልቃጧ በነበረችበት አስቀመጠችው።