ሰሌዳው ላይ የነበረው ዐርብ

ስለ መኪናው ነው ያመሰገናት፣ ከሌላው ሁሉ መርጦ ስለ መኪናው፣ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ፣ ለቀብሩ የደረስኩት በላክሽልኝ መኪና ነው፣ እህቴም ያቺን አለቃህን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ብላለች፣ አለ፣ እሷስ ምን አለች፣ ምንም አይደል፣ ምንም አይደል አለች! እናቱን ቀብሮ ለመጣ ሰው፣ ምላስሽ ይቆረጥ፣ ሰው እግሩን ሲረግጡት ነው ምንም አይደል የሚለው።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ጠዋት ነው፣ ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እሷ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቷት የአሥራ አንድ ቀን አቧራ ከኮምፒውተሩ ላይ በእጅጌው እየጠረገ፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር፣ አምስት ዓመት አብራው ስትሠራ አንገቱን አይታው አታውቅም፣ የምታየው ሰሌዳው ላይ ከስሙ ፊት የተጻፈውን ነው፣ ተጀመረ፣ ተጋመሰ፣ አለቀ፣ አባ ዝም ነው የሚሉት፣ በቀን አሥር ቃል ቢያወጣ ነው፣ ዛሬ ግን በር ላይ ቆሞ የሳምንቱን ቃል ለሷ አወጣው፣ ለምስጋና።

ንገሪው። አሁን። ሌሎቹ ሳይመጡ።

ምን ብላ፣ በየት በኩል ጀምራ፣ ነገሩ እኮ አጭር ነው፣ ቢነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ ሰባት ሆነው ለአንድ ሆስፒታል የቀጠሮ ማስያዣ ሶፍትዌር ይሠራሉ፣ ሕመምተኛው ሰልፍ ሳይቆም በስልኩ ቀን የሚይዝበት፣ እሷ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ናት፣ ኮድ አትጽፍም፣ እሷ የምትጽፈው ቀን ነው፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ በቀይ፣ ማስረከቢያ ዐርብ ብላ ጻፈች፣ ዐርብ ግን የሆስፒታሉ ቀን አልነበረም። ውሉ ላይ ያለው ቀን ነገ ነው፣ ማክሰኞ፣ ከዚያ ዐርብ አሥራ አንድ ቀን በኋላ። ዐርብን የፈጠረችው እሷ ናት።

በቃ ይኸው ነው።

የመጀመሪያ አለቃዋ ናቸው ያስተማሯት፣ ሽማግሌው ኢንጂነር፣ ልጄ፣ ለሠራተኛ እውነተኛውን ቀን አትስጪ፣ እውነተኛውን ከሰጠሽው ያሳልፍብሻል፣ የውሸቱን ስጪው፣ የውሸቱን ሲያሳልፍ እውነተኛው ላይ ያርፍልሻል፣ ብለው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ብልሃት መሰላት፣ በወጉ ሲጠራ መጠባበቂያ ጊዜ ነው፣ ለስጋት የሚያዝ፣ የሙያው መጽሐፍም ይፈቅደዋል፣ መጽሐፉ ግን ጻፊው ነው የሚለው፣ ለሁሉም አሳዪው፣ ደብቂው የሚል ገጽ የለም፣ እሷ ደበቀችው፣ ዘጠኝ ፕሮጀክት በቀኑ አስረከበች፣ ሰዓቷ የሚል ስም አወጡላት፣ ሰዓቷ መጣች፣ ሰዓቷ ልትቆጣ ነው፣ ደስ ይላት ነበር፣ ቀሽም።

ማክሰኞ ዕለት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ፣ እህቴ ደውላ ነበር፣ አለ፣ እናቴን ባሰባት፣ ልሂድ ወይ? ልሂድ ወይ ነው ያለው፣ እሄዳለሁ አላለም፣ እሄዳለሁ ቢል ኖሮ መቼም አስራ አታስቀረው፣ አየሽ፣ አየሽ አሁን ደግሞ በእሱ ልታላክኪ ነው። ዞር ብላ ሰሌዳውን አየች፣ ቀኑን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል፣ የራሷን እጅ ጽሑፍ አንጋጣ አየችና፣ ማስረከቢያችን እኮ ዐርብ ነው፣ አለች፣ ሦስት ቀን፣ የመልእክት መላኪያውን ክፍል ደግሞ ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ቅዳሜ በጠዋት ትሄዳለህ፣ እናትህ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጠንካራ! ሴትዮዋን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፣ አፏ ላይ መጣላት አለችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀና፣ እውነትሽን ነው፣ የታመመ ሰው እየጠበቀን፣ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ የታመመ ሰው።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ማንም አላነሣውም፣ ከሁሉም ቀድማ የጮኸችው እሷ ናት፣ መኪና፣ የድርጅቱን መኪና ስጡት፣ ሾፌሩን ጥሩት፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው እንዴት ብሎ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ሁሉም ደግነቷን አየ፣ አንዷ እንዲያውም ዕንባዋን ጠረገች፣ የሱን ክፍል ደግሞ ዐርብ ዕለት ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ጨረሱት፣ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፣ ግማሽ ቀን፣ ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም ያለችው ክፍል፣ ማታ ላይ፣ ሆስፒታሉ ተረክቦናል፣ ከእንግዲህ ትንንሽ እርማት ብቻ ነው፣ ብላ ሰሌዳውን አጠፋች፣ አጨበጨቡ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የማን ስንቅ ነው የሚቀለው፣ የሷ እንደሆነ በየቀኑ ድንጋይ ይጨመርበታል።

እናቱ ከረቡዕ ጀምሮ በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጣ ወይ ትል ነበር አሉ። ይህንንም በር ላይ ቆሞ ነው የነገራት፣ ያለ ክስ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። መጣ ወይ።

ባሏ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ብትነግሪው እናቱን ትመልሽለታለሽ? አላት፣ የፈሰሰ ውሃ ነው፣ ላንቺ እንዲቀልሽ እንጂ ለሱ ብለሽ እንዳይመስልሽ፣ ሰውዬው በሰላም ያልቅስበት፣ አቦ ተይው፣ እውነቱን ነው እኮ፣ ክፋቱ እውነቱን መሆኑ ነው፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለራሷ ያለችውም ይህንኑ ነው፣ ዛሬ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ ይመጣል፣ ነገ ስለምናስረክብ አንድ ሁለት ቃል ላበረታታ ብሏታል፣ ነገ የምትለው ቃል ከአፉ እንደወጣች ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ነው የምትነግሪው? ስለምትያዢ? ባትያዢስ? ባትያዢ ይህን ምስጋና ጠቅልለሽ ቤትሽ ትወስጂ ነበር? አታውቅም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ብትምል እንኳ አታውቅም።

ትነሣለች፣ አንድ ጊዜ ላናግርህ፣ ትለዋለች፣ ወደ ትንሿ የስብሰባ ክፍል፣ በሩን ትዘጋለች፣ አንዱ ወንበር እግሩ ስለሚወላገድ ደህናውን ለእሱ ትስባለች፣ ደግሞ ወንበር ትመርጪለታለሽ፣ ይቀመጣል፣ የደመወዝ ወይም የእረፍት ጉዳይ መስሎት፣ የቀረሁባቸውን ቀኖች ከዓመት እረፍቴ ቀንሺው፣ ይላታል፣ ቀድሞ፣ እንዳትቸገር።

ዐርብ የሆስፒታሉ ቀን አልነበረም፣ ትላለች።

ያያታል።

ዐርብን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የውሉ ቀን ነገ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ሥራው እንዳይዘገይ፣ ስትጠይቀኝ ጊዜ ነበረን፣ ነበረን፣ አውቄ ነው ያስቀረሁህ፣ ይሞታሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ስለሳቸው ጨርሶ አላሰብኩም፣ ድምፅዋ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ወዲያ አይቆምላትም፣ ይቅር በለኝ ልትል ነው፣ አትበይ፣ አሁን አትበይ፣ እንዲህ ካልሽው መልስ የመስጠቱን ሥራ ለእሱ ልትሰጪው ነው፣ ለእሱ ሥራ መስጠት ይብቃሽ፣ አፏን ትገጥማለች፣ ግድግዳው ወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ሲገባ፣ ኮት ሲሰቅል፣ ሲያፏጭ ይሰማል።

እሱ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። ስንት ቀን ነበረኝ? ይላል።

ከጠየቅኸኝ ቀን?

ከጠየቅሁሽ ቀን።

አሥራ አራት።

አሥራ አራት፣ ይላል፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው እኮ፣ ማታ ደርሼ፣ ረቡዕንም ሐሙስንም አብሬያት ውዬ፣ ያቆማል፣ ይቁጠረው፣ አትርጂው፣ ሒሳቡን አንቺ ቀድመሽ ሠርተሽዋል፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ ምነው በሰደበኝ፣ ምነው ያንን የተወላገደ ወንበር አንሥቶ፣ እሱ ግን እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም፣ ሰውየው ያለው ዝምታ ብቻ ነው፣ እሱንም አሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላታል፣ ዓይኖቹ ይቀላሉ እንጂ ምንም አይፈስም፣ ግንባሩን በአውራ ጣቱ ያሻል፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

ሌሎቹ ያውቃሉ?

አያውቁም።

ንገሪያቸው፣ ብሎ ይነሣል፣ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ይወጣል።

ሦስት ሰዓት። እንደየጠዋቱ በሰሌዳው ዙሪያ ይቆማሉ፣ ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን አገደኝ፣ ለየሰው ሁለት ደቂቃ፣ ሥርዓቱን ያመጣችው እሷ ናት፣ ለአባ ዝም አንድ በአንድ እግዜር ያጥናህ ይሉታል፣ ትከሻውን ይነኩታል፣ አንዱ ሻይ ይዞለት ይመጣል፣ እሷ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትናገራለች፣ ከቅድሙ አጥራ፣ ሳታስውብ፣ ዐርብ፣ ማክሰኞ፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን ልሂድ ሲላት እንዳስቀረችው፣ ሻዩን የያዘው ልጅ ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው ይጠፋዋል፣ ማንም ወደ እሷ አያይም፣ ሁሉም የሚያየው አባ ዝምን ነው፣ እሱ ደግሞ ወለሉን።

መርፌ ናት የምትናገረው፣ ሞካሪዋ፣ ሌላው ያለቀ ሲለው እየወጋጋች ስሕተት የምታወጣው፣ መርፌ ያሏት ለዚያ ነው፣ የባለፈውስ፣ ትላለች፣ የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክት፣ ልጄን ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ቀኗ ጎረቤት የወሰዳት፣ ቀኑ ጠባብ ነው ብለሽኝ?

እሱም፣ ትላለች።

ከሱ በፊት ያለውስ?

እሱም። ሁሉም።

መርፌ አጭር ሳቅ ትስቃለች፣ ደስታ የሌለበት፣ እኔ እኮ፣ ትላለች፣ ባንቺ ላይ ስሕተት ፈልጌ አላውቅም፣ ሰዓቷ ናት፣ እሷ አትሳሳትም፣ እል ነበር፣ ኮድ ብቻ ስፈትሽ ኖርኩ! እና ክንዶቿን አጣጥፋ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፣ ይህ ነው እንግዲህ፣ በየስንት ቤቱ ነው የገባሽው፣ በማን ጠረጴዛ፣ በማን አልጋ አጠገብ፣ ቀን እየቆረጥሽ የወሰድሽው፣ የአንድ ሰው መስሎሽ ነበር፣ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ እንኳ።

በሩ ይከፈታል፣ ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ከሰዓቱ ቀድሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ እጆቹን እያፋተገ፣ እህሳ ጀግኖች፣ ነገ እንግዲህ የእኛ ቀን ናት፣ በዕቅዳችን መሠረት፣ በወጣው የጊዜ ሰሌዳ፣ አንድም ቀን ሳይዛነፍ፣ ይላል፣ ማንም አያጨበጭብም፣ ፈገግታው የሚያርፍበት ፊት ፈልጎ ያጣል፣ አባ ዝምን ሲያይ ሐዘኑ ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አይዞህ ወንድሜ፣ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን? ብሎ ወደ እሷ ይዞራል፣ እሷ የለም ልትል አፏ ይከፈታል፣ ልማድ ነው፣ አሥር ዓመት የለም ያለ አፍ፣ የለም፣ ሁሉ ሰላም፣ ሁሉ በቀኑ፣ ግን አታውቅም፣ ሳትጠይቅ አታውቅም፣ ወደ ሰዎቹ ትዞራለች፣ የቀረ ነገር አለ? ትላቸዋለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ሳትይዝ።

አለ፣ ይላል አባ ዝም። ጠዋት አይቼዋለሁ፣ የቀጠሮ ማስታወሻው መልእክት ለአንዳንድ ሕመምተኛ ሳይደርስ ይቀራል፣ ቀኑን ሳያውቅ ያልፈዋል፣ እኔ ነኝ የማስተካክለው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ስል ሁለት ሰዓት ነው።

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ከሰሌዳው ጠርዝ አንሥቶ ይዘረጋላታል፣ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ቁጣ ቢኖር እኮ የሚያዝ ነገር ነው፣ አምስት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ በር ላይ ቆሞ አንቺ ብሎ ያመሰገናት፣ ቀና ብሎ፣ እንደ እንግዳ ሰው፣ እንደ ቢሮ ሰው፣

ይጻፉት፣ ይላታል።

ሥራ አስኪያጁ አልገባውም፣ ሌሎቹ ገብቷቸዋል፣ እሷ እስክሪብቶውን ትቀበላለች፣ ሰሌዳው ነጭ ነው፣ ትጽፋለች፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ ሳትቀንስ፣ አንድ ደቂቃ ሳትጨምር፣ ሁለት