የባለ ሁለት አፉ ጦር ሕግ

«አንድ ጦር ነው፤ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ነው የሚወጋው» አለ አሽረፍ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሃዊ አልተዋጠላትም። ጦሩ በሁለቱም ጫፍ ስለት አለው፤ ታዲያ አንደኛው ለጌጥ ነው ወይ ብላ ሞገተችው።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሮሐ ጆሮዋ ቆመ። ቀጨኔ ዳገት ላይ የተተከለው ድንኳን የወንድሟ የስለሺ ለቅሶ ነው፤ ሁለቱም ጓደኞቹ ናቸው። ስለሺ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጓደኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ተረት ይጀምራል፤ እሱ አገሩንና ጭራቁን ይፈጥራል፣ እነሱ ጀግና ሆነው ይዋጋሉ፣ መምታት መሳታቸውን ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ተጥሎ ይወስናል። ሆስፒታል ገብቶም አልተወውም። በመጨረሻው ጨዋታ የሃዊ ጀግና ባለ ሁለት አፍ ጦር ይዛ ድልድይ ላይ ከዘንዶ ጋር ተፋጠጠች። በአንዱ ጫፍ ወግታ ከሳተች በኋላ በሌላው ልድገም ስትል ጭቅጭቅ ተነሣ። ስለሺም አስቤበት ነገ እነግራችኋለሁ ብሎ ሸኛቸው። ያ ነገ አልመጣለትም።

እነሱ እንደወጡ ከአልጋው ተነሥቶ የመወልወያ እንጨት ሲያሽከረክር ያየችው አስታማሚዋ ሮሐ ነበረች። «ሮሒ፣ እዪማ፤ በሁለት እጅ ከያዝሽው ይቻላል» ብሏት ስለ ግማሽ ጉዳት፣ ስለ ጋሻ፣ ስለ ጀርባ ሲዘረዝርላት ትኩሳቱ የሚያስቀባጥረው መስሏት በግድ አስተኝታው ነበር።

አሁን ገባት።

«ወስኗል» አለቻቸው። «ለእኔ ነግሮኛል።»

በቃል ማስረዳት ቢያቅታት ብድግ ብላ ከጥግ የተረፈ የድንኳን እንጨት አነሣች። መሀሉን ጨብጣ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት ሰደደች፤ ወዲያው ወገቧን ስታዞር ሌላው ጫፍ በራሱ ጊዜ ከተፍ አለ። ሁለተኛው ይወጋል፣ ጉዳቱ ግን ግማሽ ነው። ጋሻ የያዘ ሰው አይችልም። ይሄም ከሳተ ጀርባ ይጋለጣል። ስለሺ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ካርታ ይጫወቱ የነበሩት የዕድር ሰዎች ካርታቸውን እንደያዙ አፍጥጠው ቀሩ።

አሽረፍ ሳቅ አመለጠው። «ይሄማ የሱ ሕግ ነው፤ ሰጥቶ ይነሣል።»

ሃዊ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ከቦርሳዋ አውጥታ ለሮሐ ሰጠቻት፤ ከአሥራ አምስት ካለፈ ዘንዶው አለቀለት። ሮሐ ዳይስ ጥላ አታውቅም። አግዳሚው ላይ ለቀቀችው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ቆመ። አሥራ ሰባት!

ሃዊ እልል ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች። አሽረፍ አግዳሚውን በመዳፉ ሲመታው ዳይሱ መሬት ወደቀ። ቀና ሲሉ የሟቹ እናት ወይዘሮ የሺ በላያቸው ቆመዋል።

ምን ሆናችሁ ነው ብለው ጠየቁ።

«ዘንዶው ሞተ፣ እማዬ» አለች ሮሐ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ስለሺ የጀመረው ጨዋታ ነው።»

ወይዘሮ የሺ ጎንበስ ብለው ዳይሱን ከአቧራው አነሡ። «ታዲያ ቀጥሉ እንጂ። የማን ተራ ነው?»

አሽረፍ ዳይሱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አጠገቡ ተቀምጠው ዳይሱን በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። አንዱን ገጽ ጠርገው ወደ ሌላው ያዞሩታል። ከጸዳም በኋላ መጥረጋቸውን አላቆሙም።